የክት ልብስ፦ ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም. የነበረው የሴቶች አለባበስ እንደ ታሪክ ምንጭ

(በሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ለሕዝብ የቀረበ ንግግር። ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል። ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ሴቶች አሮጌ ልብስ በታሪክ ትምህርት ስም መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ታሪካችን በአብዛኛው የተጻፈው ከዜና መዋዕል፣ ከደብዳቤ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከመንግሥት ፋይል ነው። በእነዚህ ውስጥ ሴት የምትገኘው ንግሥት ስትሆን፣ ስለ ርስት ስትካሰስ፣ ወይም የእገሌ ባለቤት ተብላ ስትጠራ ነው። በ1940ዎቹ በይርጋለም ገበያ ጨርቅ መርጣ፣ በዋጋ ተከራክራ፣ ለልብስ ሰፊው «እዚህ ላይ ጠበብ፣ እዚህ ላይ ሰፋ አድርግልኝ» ብላ ያዘዘችው ሴት በየትኛውም ፋይል የለችም። ያዘዘችው ቀሚስ ግን፣ ዕድል ከቀናው፣ እስከ ዛሬ አለ። የንግግሬ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ቀሚሱ ራሱ ሰነድ ነው፤ ሰነዱም በዓይናችን ፊት እያለቀ ነው።

ወጣቶች እንዲህ ያለውን ልብስ ዛሬ «ቪንቴጅ» ይሉታል። ቃሉን አልቃወምም፤ አማርኛ ግን ለነገሩ የቆየ ስም አለው። እናቶቻችን ልብስን የዘወትርና የክት ብለው ይለዩታል። ክት ማለት የተከተተ፣ ለቀኑ የተቀመጠ ማለት ነው። የክት ልብስ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ወጥቶ ይለበስና ተጣጥፎ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ሽታው እንዲያምር አሪቲ ጣል ይደረግበታል። ስለዚህ ልብስን መርጦ ማኖር ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ ለታሪክ ተመራማሪ ማስጠንቀቂያም ይዟል። የተረፈልን የክቱ ነው እንጂ የዘወትሩ አይደለም። የዘወትሩ ቀሚስ እስኪነትብ ከተለበሰ በኋላ የሕፃን መጠቅለያ፣ ቀጥሎ የሊጥ ዕቃ መሸፈኛ፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ሆኗል። የእናቶቻችንን ሕይወት በክት ልብሳቸው ብቻ ብንጽፍ ዓመቱን ሙሉ በበዓል ላይ የኖሩ እናስመስላቸዋለን።

ከክት ልብስም ቢሆን በቤተ መዘክር የተጠበቀው የጥቂቶች ነው። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የነገሥታቱንና የመሳፍንቱን ካባዎች ማየት ይቻላል። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ቤቶች ለጎብኚ ክፍት ናቸው። እቴጌይቱ በ1954 ዓ.ም. ያረፉ ሲሆን ስማቸው እስከ ዛሬ «መነን» በሚባለው የሽመና ጨርቅ ላይ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሊኖር የሚገባው ነው። ነገር ግን የአንዲት የቴሌ ሠራተኛ፣ የአንዲት ነርስ፣ ቡና ሸጣ ጨርቅ የገዛች የአንዲት የገበሬ ሚስት ቀሚስ የት አለ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ «ከአልጋ ሥር፣ በሳጥን ውስጥ» የሚል ነው።

ከእንዲህ ያለ ሳጥን ወጥቶ ለማየት የታደልሁትን አንድ ቀሚስ ጠጋ ብለን እንመርምር። የሚገኘው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ባለንብረቷ እናት ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጠራውም። ጨርቁ ነጭ የሸማኔ ሥራ ነው። በብርሃን አንጻር ሲያዩት ድሩ ወጥ፣ እኩል ቅጥነት ያለው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን እዚህ ወፈር እዚያ ሳሳ የሚል የእጅ ፈትል ነው። ይህ ብቻውን አንድ ዘመን ይነግረናል፤ የፋብሪካ ክር ገበያ የገባበት፣ የሴቶች እንዝርት ግን ገና ያላረፈበት ዘመን ነው። የጨርቁ ወርድ ሸማኔው በጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሊያቀባብል በሚችልበት ልክ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ሰፊው ቀሚሱን ለማስፋት የት የት እንደ ቀጠለ ስፌቱ ያጋልጣል። ከአንገት እስከ ጫፍ የመስቀል ጥልፍ ወርዷል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው የሐበሻ ቀሚስ ነው።

ወገቡ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ሰፊው ጨርቁን በሁለቱም ጎን ቀንሶ፣ ከፊትና ከኋላ ቆንጥጦ ወገብ አውጥቶለታል፤ በግራ ጎን ከብብት ሥር ደግሞ የብረት ዚፕ ተክሎበታል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሴቶች ቀሚስ ዚፕ በጎን በኩል መሆኑ የተለመደ የነበረው በፈረንጆች 1930ዎቹ፣ 40ዎቹና 50ዎቹ ነው፤ ኋላ ወደ ጀርባ ዞረ፣ ብረቱም ቀስ በቀስ በናይለን ተተካ። አገራችን የገባ ዚፕ ከፋብሪካ እንደ ወጣ በዓመቱ ይሰፋ ነበር ማለት ስለማይቻል፣ ከዚፕ የምናገኘው የዕድሜ ግምት የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው፤ ቀሚሱ ከዚህ በፊት አልተሰፋም ለማለት ያስችላል እንጂ ከዚህ በኋላ አልተሰፋም አያሰኝም። የወገቡን ስፌት ከውስጥ ገልብጠን ስናይ ደግሞ ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች በሁለት መስመር ተደርድረዋል። ቀሚሱ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ሰፍቷል ማለት ነው። ስለ መስመሮቹ ስጠይቃቸው እናታችን ሳይስቁ አልቀሩም፤ «ይኼኛው የበኩር ልጄ ነው፣ ያኛው መንታዎቹ» አሉኝ። ጫፉ ላይ ያለው ጥበብ ከቀሪው ጋር ዕድሜው አይገጥምም፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ክሩም ሰው ሠራሽ ነው፤ የቀድሞው ጫፍ ሲበላ በኋላ የተቀጠለ ነው። እንግዲህ አንድ ቀሚስ ሠርግን፣ ሁለት እርግዝናን፣ አንድ ጥገናን መዝግቦ ይዟል። ይህን የሚያህል ዝርዝር የያዘ የአንዲት ተራ ሴት የጽሑፍ ፋይል ከየት ይገኛል?

ቀሚሱ የተሰፋው በይርጋለም ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ ተቆርቁራ የግዛቱ መዲናነት ከይርጋለም ወደ እርሷ ሲዛወር፣ ከመጡት ቤተሰቦች ጋር ሳጥኖቻቸውም መጥተዋል። የከተማችን የመጀመሪያ ሴት ነዋሪዎች የክት ልብስ እንግዲህ ከከተማዋ ይበልጣል፤ ወይም ቢያንስ እኩያዋ ነው።

ያ ልብስ በምን ገንዘብ ተገዛ? በዚህ አካባቢ መልሱ ቡና ነው። የዓለም የቡና ዋጋ በ1946 ዓ.ም. እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ፣ በሲዳማና በጌዴኦ አገር ገንዘብ ወደ ገበያው ገባ፤ ከገንዘቡ ስንቱ በባለ መሬቱና በነጋዴው እጅ እንደ ቀረ ራሱን የቻለ ንግግር ይሻል። የቡና ወቅት የጨርቅም ወቅት ነበር። ቀድሞ ከቆዳ የተሰናዳ ልብስ ይለብሱ የነበሩ የሲዳማ እናቶች አቡጀዲና ባለ ቀለም የፋብሪካ ጨርቅ የለመዱት ከዚህ ገበያ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሴቶች «የድሮ ልብስ» ስንናገር ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ብቻ የምናስበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚመራው የቱሪዝም ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» በሚል ስም ያሠራጫቸው ፖስተሮች የአንዲት አገር ፊት አድርገው አኑረውታል። የውበቱን ያህል ግን ሌላውን ሸፍኗል። የቆዳው ልብስ በሳጥን አልተከተተም፤ ፎቶግራፉም ከአካባቢው ሰው አልበም ይልቅ በውጭ ተጓዦች እጅ ነው የሚገኘው። አሰባሰባችን ይህን ሚዛን ካላስተካከለ የፖስተሩን ታሪክ ደግሞ ከመጻፍ አያልፍም።

ስለ ጌጣጌጡ ጥቂት ልበል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ከመገበያያነቱ እየወጣ ሄደ። ብረቱ ግን ብር ነውና አንጥረኛው እሳት ላይ አድርጎ አምባር፣ አልቦ፣ ጉትቻና መስቀል አደረገው፤ አንዳንዱም ሳይቀልጥ ማንጠልጠያ ብቻ ተበጅቶለት በድሪ ላይ ዋለ። ጌጥ ቁጠባም ነበር። ልጅ ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ የሚሸጠው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ከልብስ ይልቅ ጌጥ ዘመኑን ጠብቆ የመቆየት ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ቅርጹ ይቀልጣል፣ ብረቱ ይቀጥላል። በአዲስ አበባ አርመናውያን አንጥረኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና ፎቶግራፈሮች ለዚህ ዘመን ገጽታ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥቱ ያነሣቸው ሥዕሎች የታወቁ ናቸው።

የጠበበው ወገብ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከአገር ያወጣናል። በየካቲት 1939 ዓ.ም. ክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ ያሳየው ቅርጽ፣ ማለትም የተጨመቀ ወገብና ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚበላ ሰፊ ጉርድ፣ ጦርነቱ ባስከተለው ቁጠባ ለተሰላቸ አውሮፓ የተድላ ምልክት ሆነ። ብሪታንያ ከ1933 እስከ 1941 ዓ.ም. ልብስን በኩፖን ታከፋፍል እንደ ነበር ስናስታውስ የድንጋጤውና የደስታው መጠን ይገባናል። እኛ ዘንድ ይህ ቅርጽ በሲኒማ፣ በመጽሔት፣ በውጭ አገር መምህራንና ከውጭ በተመለሱ ሰዎች አማካይነት ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ጀምሮ ነበርና መንገዱም አጠረ። አንዳንዶች ይህን መኮረጅ ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልብስ ሰፊውና ያዘዘችው ሴት ወገቡን ወሰዱ፤ ፈትሉን፣ ጥልፉንና ነጠላውን ግን አልለቀቁም። የትኛውን ተቀብሎ የትኛውን እንደሚተው የወሰነ ሰው ኮራጅ አይባልም።

ፎቶግራፍ ለዚህ ጥናት ታላቅ ረዳት ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይሻል። ወደ ፎቶ ቤት የምትሄድ ሴት ከእኅቷ ቀሚስ፣ ከጎረቤቷ ጉትቻ መዋሷ የተለመደ ስለ ነበር፣ በሥዕሉ የሚታየው ሁልጊዜ የራሷ ንብረት አይደለም። ጥቁርና ነጩን ሥዕል በእጅ ቀለም መቀባትም የታወቀ ሙያ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ሻሽ በሕይወቱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የሐዋሳ አልበሞች አንድ የተለየ ጥቅም አላቸው። ሠርገኛውም፣ ተመራቂውም፣ እንግዳ የመጣበትም ወደ ሐይቁ ወርዶ ፎቶ መነሣት ልማዱ ነውና፣ አባ ኮዳዎቹ ከአሣ አጥማጁ እጅ ትርፍራፊ የሚጠብቁባት ይህች አሞራ ገደል የብዙ ቤተሰብ ሥዕል ጀርባ ሆናለች። የውኃው ዳር፣ ዛፎቹና ጀልባዎቹ ዓመቱን ለመገመት ይረዳሉ። በአዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. አካባቢ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ከየአልበሙ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰው የአያቱን አልበም ሲጠየቅ እንደማይሰስት ይህ ሥራ አሳይቷል። ልብሱን ግን የጠየቀ የለም።

ልብስ የጠብ መነሻ የሆነበትንም ቀን መርሳት አይገባም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ በተዘጋጀ የፋሽን ትዕይንት ላይ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሥተው ለማየት የመጡትን እንግዶች አዋከቡ። የተቃውሞው መልእክት ሕዝብ በድህነት ሳለ የባዕድ ቅንጦት ይታያል የሚል ነበር፤ አጭር ጉርድም የዚሁ ባዕድነት ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። የተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ያነሣቸው የመሬትና የፍትሕ ጥያቄዎች ክብደታቸው አያጠራጥርም። ሆኖም ከውጭ የመጣ ኮትና ክራቫት የለበሰ ወንድ ተማሪ በሴት ልጅ ጉርድ ርዝመት የአገርን ክብር ሲለካ እናያለን፤ ይህን ሳያነሡ ማለፍ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም። ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. ታንዛኒያ «ኦፕሬሽን ቪጃና» በተባለው ዘመቻ አጭር ጉርድን ከልክላለች፤ ማላዊም እንዲሁ። ከዚያ ምሽት አዳራሽ የወጣ አንድ ቀሚስ ዛሬ ቢገኝ፣ ስለ ዘመኑ ከብዙ በራሪ ወረቀት ይልቅ በነገረን ነበር።

እነዚህ ልብሶች ወዴት ሄዱ? አንዱ መንገድ ኀዘን ነው። ዘመድ ሲሞት ነጩ ቀሚስ ጥቁር ይነከራል፤ በጥብቅ በተሰፋ እጥፋት ውስጥ ግን ነጩ ጨርቅ ተደብቆ ይቀራልና እንዲህ ያለውን ልብስ ያገኘ ሰው ስፌቱን ፈልቅቆ ከማየት በፊት በብርሃን ይመልከተው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በመጡት ዓመታት ብዙ ቤት ጥቁር ለብሷል፤ አምሮ መታየትም ራሱ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ምጽዋት ነው፤ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ይህን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነው። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። እናት በእጅ የተፈተለ ቀሚሷን ሰጥታ ሳፋ ስትቀበል ተታለለች ለማለት እንቸኩላለን። ሳፋው ለልጆቿ ገላ መታጠቢያ ያስፈልጋት ነበር። ጥፋቱ ያለው ቀሚሱ ከሳፋ የበለጠ ዋጋ እንዳለው የነገራት ተቋም ባለመኖሩ ላይ ነው፤ ከእነዚያ ተቋማት አንዱ ደግሞ እኛ ነን።

ዛሬ በተቃራኒው ከውጭ የሚመጣ አሮጌ ልብስ ሞልቷል። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ሳልቫጅ በየገበያው አለ፤ በዓይኑ የሠለጠነ ወጣትም ከቦንዳው ውስጥ አልፎ አልፎ የፈረንጅ የ1950ዎቹን ቀሚስ ያወጣል። ይልበሰው፤ ያምርበታልም። ነገር ግን የዚያ ቀሚስ ታሪክ የሌላ አገር ሴት ታሪክ ነው። ከተማችን ራሷ አሁን የልብስ ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶችን አሰልፎ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ሸሚዝ አሰፍቷል፤ ትልቁ ገዢ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ለመውጣት ሲወስንም ያዘኑት እነርሱ ናቸው። ለዓለም የሚሰፋ ከተማ የራሱን የመጀመሪያዎቹ እናቶች አንድ ቀሚስ በመዝገብ አለመያዙን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

እንልበሰው ወይስ እናኑረው? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ደጋግመው ያነሡታል። በቤተ መዘክር ሙያ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ስብስብ ውስጥ የገባ ልብስ አይለበስም፤ ላብ፣ ብርሃንና ውጥረት ክሩን ይበሉታልና። ለቤተሰብ ሳጥን ግን ይህን ሕግ እንዳለ መጫን የሚበጅ አይመስለኝም። ያልተለበሰ ልብስ ለልጅ ልጅ ትርጉሙ ይጠፋና ወደ ልዋጭ ለመሄድ ይቀርባል። የጥጥ ፈትል ብርቱ ነው፤ ለአንድ መልስ ወይም ለአንድ ጥምቀት ቢለበስ አይሞትም። ከፋይ ካባ፣ ሐርና የወርቅ ዘቦ ያለበት ሥራ ግን አይለበስ፤ ሐር ሲያረጅ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ የብረት ክርም ሲታጠፍ ይበጠሳል። ለልክ ሲባል መቀስ አይንካው። ወገቡ እምቢ ካለ ነጠላ ጣል ማድረግ ያባት ነው።

አጠባው ላይ እናቶቻችን ከእኛ ይሻላሉ። እንዶድ ነጭ ልብስን ሳይጎዳ ያነጻል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1957 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንዶዱ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውኃ ነው። ከታጠበ በኋላ በጥላ ይድረቅ። በማንጠልጠያ አይሰቀል፣ ክብደቱ ትከሻውን ይቀደዋልና። በፕላስቲክ አይታፈን፤ የሐይቃችን ርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል። በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ እጥፋቱ በየጊዜው እየተቀያየረ ይቀመጥ።

ሰብሳቢዎች ለሆናችሁ ወይም ለመሆን ላሰባችሁ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ከአንዲት አሮጊት በጥቂት ብር የተገዛ ቀሚስ ስሟ፣ የተሰፋበት ቦታና የለበሰችበት ቀን ካልተጻፈ፣ ገዢው ጨርቁን ይዞ ሰነዱን ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጥጡን ማን ፈተለው? ሸማኔው ከየት ነበር፣ ከዶርዜ የመጣ ነበር ወይስ የሰፈር ሰው? ሰፊው ወንድ ነበር ሴት? በሲንገር ነው በእጅ? ስንት ወጣበት? ማን ተዋሰው? ከመልሱ በኋላ እናቲቱ አልሸጥም ካሉ፣ የተሻለው ውጤት እርሱ ነው።

ፋኩልቲያችን የሚጠይቀው ልብሱን አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ንጹሕ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ሜትርና አንድ ስልክ ይበቃል። ልብሱ በአንሶላው ላይ ይዘረጋል፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ፣ ከስፌቱ፣ ከዚፑና ከጥልፉ ፎቶ ይነሣል፤ የባለቤቲቱ ቃል ይቀረጻል፤ ልብሱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ስማቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ እናቶች ፈቃድ ይጠበቃል። የዘወትር ልብስ ቁራጭ፣ የመሶብ መሸፈኛ የሆነ ጥበብ፣ የትራስ ልብስ የሆነ ቀሚስ ያላችሁ «ይኼ እንኳ አይጠቅምም» ብላችሁ እንዳታስቀሩት፤ ከሁሉ ያነሰን የእርሱ ዓይነት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ከፊት ወንበር ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።